ልዑሉን ለመጠየቅ የሄድን ሽማግሌዎች

ልዑሉ የትኛዋን ይመርጥ ይሆን እያልኩ እህል አልበላ ያለኝ በዚህ ዕድሜዬ ነው። ሰው ቢሰማ ይስቃል። ጥርሴ ረግፎ፣ ወገቤ ጎብጦ፣ የልጅ ልጅ አድርሼ፣ ኖረው ስለማያውቁ ልጃገረዶች ልቤ ድው ድው ሲል ከረመ። ግን እውነት ነውና እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ከማሳ መልስ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ የሚያነበኝም ቀስ ይበል።

የምኖረው ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ፣ በቴፒ መንገድ ነው። ጥቂት ቡና አለኝ። የራሴን ለቅሜ ስጨርስ በመከር ወራት መንገዱ ዳር ካለው የቡና ማድረቂያ እውላለሁ። ሥራዬ አልጋዎቹን መጠበቅ ነው። አልጋ ስል የሰው መኝታ አይደለም፤ እንጨት ተተክሎ፣ ሽቦ ወንፊት ተወጥሮበት፣ ቡና የሚሰጣበት ነው። ሴቶቹ ከአልጋው ወዲህና ወዲያ ፊት ለፊት ይቆሙና የተሰነጠቀውን፣ የሻገተውን፣ ጥሬውን እየለቀሙ ያወጣሉ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እዞራለሁ። «ይኼ ደህና ነው፣ ለምን ጣልሽው?» እላለሁ፤ «ይቺን አልፈሻታል» እላለሁ። ደመና ከመጣ ደግሞ «ሸራ አልብሱ» ብዬ እጣራለሁ። ሌላ ጥበብ የለውም።

የልጅ ልጄ ትምህርቷን ብትጨርስም የመጨረሻው ፈተና አልሆነላትም። አባቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ሚዛን ከተማ የመኪና ዕቃ ይነግዳል። እሷ ግን እኛ ዘንድ መጥታ ከሴቶቹ ጋር አልጋው ላይ ቡና መልቀም ጀመረች። በምሳ ሰዓትም፣ ወደ ቤት ስንመለስም፣ አንገቷን ስልኳ ላይ ደፍታ ነው። እኔ የወንድ ነገር ነበር የመሰለኝ። ለነገሩ የወንድ ነገር ነበር፤ ወንዱ ልዑል ሆኖ ነው እንጂ።

ልብ ወለድ ትጽፍ ኖሯል። እየጻፈች አንድ አንድ ምዕራፍ በቴሌግራም ትለቃለች፤ የማታውቃቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ እንደ እሷ ያሉ ልጆች፣ ከየአገሩ ያነቡላታል። ይኼንን ያወጣጣት ከጌጫ የመጣች አንዲት ጠና ያለች ሴት ናት፤ ከለቃሚዎቹ ሁሉ አፏ የሚጣፍጥ እሷ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ለማታውቂያቸው ሰዎች የምትነግሪውን እዚህ አጠገብሽ ለቆምነው ብትነግሪን ምን ይልሻል?» አለቻት።

«ታሪኩ ለወጣቶች ነው እትዬ።»

«እኛስ አርጅተን ነው የተወለድነው?»

በዚህ ተጀመረ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዘመኑ ድሮ ነው፤ ጫካው ከዛሬው የከበደ፣ ንጉሡ ከኮረብታ ላይ የሚኖር። ልዑሉ ሚስት የሚያገባበት ጊዜ ደርሷል። ንጉሡ ነጋሪት አስጎሰመና «ልጃገረዶች ይምጡ፤ ይወዳደሩ፤ የልጄን ልብ ያገኘች ንግሥት ትሆናለች» አለ። ከየአገሩ መጡ። አንዷ ትዘፍናለች፣ አንዷ ትፈትላለች፣ አንዷ እንቆቅልሽ ትፈታለች። ልዑሉ ከዙፋኑ አጠገብ ተቀምጦ ያያል። በየምዕራፉ አንዷ ዕቃዋን ሸክፋ እያለቀሰች ትሄዳለች። እኛም አልጋው ላይ አብረን ስናለቅስ፣ ስንናደድ ከረምን። ከመሃላችን አንድም ሰው «ይኼ ነገር እንግዳ ነው» አላለም። ወርቁ፣ ካባው፣ ፈረሱ ዓይናችንን ያዘው።

እየተቀነሱ ሄደው ሁለት ቀሩ። አንዷ የጦር አለቃው ልጅ ናት፤ ፈረስ ጋላቢ፣ ምላሷ ምላጭ። ሁለተኛዋ የቡና ለቃሚ ልጅ ናት። እሷማ ለውድድር አልመጣችም፤ ለቤተ መንግሥት ቡና ተሸክማ ስትመጣ ዘበኛው ከልጃገረዶቹ ሰልፍ ገፍቶ አስገባት። በዘፈኑ ውድድር ቀን ተራዋን ስትጠብቅ ምሰሶ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ልዑሉ አገኛትና ካባውን አውልቆ አለበሳት። ይኼ ሲነበብ የጌጫዋ ሴት የያዘችውን ቡና ጥላ ደረቷን ያዘች። የኔም ወገን የዚያን ቀን ተለየ።

አልጋው ግን ለሁለት ተከፈለ። ከወዲያ ማዶ የምትቆም የሸኮ ልጅ አለች፤ በቅርብ ያገባች፣ ቀልጣፋ፣ ማንንም የማትፈራ። እሷ የጦር አለቃው ልጅ ደጋፊ ሆነች።

«ያቺ እንቅልፋም ንግሥት ልትሆን ነው?» ትላለች።

«የሠራ ይደክመዋል፤ የደከመው ይተኛል። ያንቺይቱ ከፈረስ ወርዳ ታውቃለች?»

«ፈረሱን አባቷ ነው የሰጣት፤ አልሰረቀችው።»

«አፏንስ? እሱንም አባቷ ነው የገዛላት?»

«አፏ ባይኖር ልዑሉ በምን ይስቅ ነበር? ያንቺይቱ እያንኮራፋች ታስቀዋለች?»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ይዞራሉ። «አባባ፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?»

«እኔ የቡናው ወገን ነኝ። እጃችሁ ቆሟል» እላለሁ። አፌ እንጂ ልቤ አላለውም።

አንድ ቀን የፈረስ ግልቢያው ምዕራፍ ይነበባል። የጦር አለቃው ልጅ ከፊት ናት፤ ድልድዩ ጋ ፈረሷ ተደናቀፈ። የልጅ ልጄ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ሁላችንም ወደ እሷ ጎበጥን። ከቴፒ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ መጣ፤ ማንም አላየም። እኔም አላየሁም። ዝናቡ ጀርባችንን ሲመታን ነው የባነንነው። ሸራውን ስንጎትት፣ እርስ በርስ ስንጋጭ የማድረቂያው ባለቤት በሞተር ደረሰ። ወጣት ነው፤ ያከብረኛል።

«አባባ፣ ደመናውን አላዩትም?»

ምን ልበል? «የፈረሱ እግር ተይዞብን ነው» አልኩት።

«የትኛው ፈረስ?» ብሎ ዞር ዞር አለ። ሴቶቹ ሸራው ሥር ሆነው ሳቃቸውን ማፈን አቃታቸው። የልጅ ልጄ እያፈረች ነገረችው። ራሱን ሲነቀንቅ ቆየና «እንግዲያው ደመና ካለ ንባብ የለም» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ጠዋት ሲመጡ ከሰላምታ በፊት ወደ ላይ ማየት ለመዱ።

ነገሩ የከበደው የልጅ ልጄ አንድ መልእክት የደረሳት ቀን ነው። አዲስ አበባ ያለ መጽሐፍ የሚያሳትም ሰው ምዕራፎቹን ሲከታተል ኖሮ ጻፈላት። «መጨረሻው ካማረ መጽሐፍ አድርጌ አወጣዋለሁ። መጨረሻው ካላማረ ግን ይቅር፤ ሰው የሚያስታውሰው መጨረሻውን ነው» አላት። ወደ ቤት ስንሄድ እየነገረችኝ እየሮጠች ትቀድመኛለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትቀድመኛለች። አባቷም ሰማ። እሱ ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ነጋዴ ነው። «መጽሐፍ ከሆነ እኔም አፌን እዘጋለሁ፤ ካልሆነ ቴፒ አክስቷ ሱቅ ትገባለች» አለ። ተስማማች።

ከተስማማች በኋላ እጇ ተሳሰረ። ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። አልጋው ላይ ስንጠይቃት «ገና ነው» ትላለች። ሴቶቹ ያለ ንባብ ሲለቅሙ ማድረቂያው ለቅሶ ቤት መሰለ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነሽብኝ ነው የኔ እናት?»

«አባባ፣ ልዑሉ የለቃሚዋን ልጅ ቢመርጥ ሁሉም ከመጀመሪያው የሚያውቀው ነው። ያቺን ቢመርጥ ደግሞ ይሰድቡኛል። በስልክም ይሰድቡኛል፣ እዚህም ይሰድቡኛል።»

«አንቺስ የትኛዋን ትወጂያለሽ?»

«ሁለቱንም። እየጠላሁት የመጣሁት እሱን ነው።»

«ልዑሉን? ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም። ቁጭ ብሎ ይመርጣል» አለችና እንጀራዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ይኼንን ለሴቶቹ መንገር አልነበረብኝም፤ ነገርኳቸው። የጌጫዋ ሴት አሰበች፣ አሰበችና «መፍትሔውማ አንድ ነው፤ ሽማግሌ እንላክ» አለች።

«ወደ ማን?»

«ወደ እሷ ነዋ። ልዑሉ የማን ነው? የእሷ። እናቱም አባቱም እሷ ናት። እሺ እንድትለን እንለምናታለን።»

ልታስቀን ብላ እንዳይመስላችሁ። እኛም አልሳቅንም። የሸኮዋ ብቻ «የኔይቱ ሽማግሌ አያስፈልጋትም» ብላ ሳትገባበት ቀረች። ከማድረቂያው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ሽምግልና ያውቅበታል፤ ንባቡ ሲጀመር ሬዲዮኑን እየዘጋ ያዳምጥ ስለነበር ማስረዳትም አላስፈለገን። «ለማን ነው የምንጠይቀው? ለለቃሚዋ? ጥሩ ልጅ ናት፤ እመጣለሁ» አለ። ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። ዕድሜ ስላለኝ መቅረት የለብኝም አሉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብሴን ሳልቀይር፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ፣ በጓሮ በኩል ከቤቴ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ከሁለቱ ጋር ተገናኝተን በዋናው በር በኩል ወደዚያው ወደ ቤቴ ተመለስን። ባለቤቴ የቤንች ልጅ ናት፤ ደጅ ላይ ጎደሬ ትልጣለች። ቀና ብላ ዱላችንን አየች፤ አሰላለፋችንን አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ከዚህ አልወጣህም እንዴ?»

«ወጥቼ መጣሁ።»

«በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም። ጉዳይ አለን» አለ ባለሱቁ።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ከተሰማለት በኋላ «በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» ከተባለ፣ ያኔ ነገሩ እሺ ሆነ ማለት ነው። ካልተባለ እንደቆመ ይመለሳል፤ ሌላ ቀን ይመጣል። ባለቤቴ ይኼን ስታይ ጎደሬውን አስቀመጠችው። የልጅ ልጄም ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ብቅ አለች። ሦስት ሰው ዱላ ይዞ ቆሞ ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማነው የላካችሁ?» አለች። ወደ እኔ ዞረችና፣ «አባባ፣ አንተም?»

ለካ ለእሷ የመጣን መስሏት ነው። ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዲት ልጅ አለችን። ቡና ለቃሚ ናት፤ ጨዋ ናት፤ ሥራ አትንቅም። እናንተ ዘንድ ደግሞ አንድ ልዑል አለ ሲሉ ሰማን። ዘመድ ልንሆን ነው የመጣነው።»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ከንፈሯን ነከሰች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«እየቀለድን አይደለም» አለች የጌጫዋ። «አድራሻ ስለሌለው ነው አንቺ ዘንድ የመጣነው።»

ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ልጅቱ የማን ናት?»

«የኛ ናት።»

«እንግዲያ የሴት ወገን ናችሁ።»

«አዎ።»

«የሴት ወገን ሆናችሁ ወንድ ልትለምኑ መጣችሁ?»

ባለሱቁ ጫማውን አየ። እሱን ያህል ሽምግልና የሚያውቅ ሰው፣ ያን ያህል ልጅ ያጋባ ሰው፣ ይኼ ነገር እንዴት አመለጠው? እኔስ? እንደዚያ ያለ ሽማግሌ በዚህ አገር ታይቶ አይታወቅም። ባለቤቴ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ይኼ ሰውዬ አባቴ ደጅ ስንት ጊዜ መጣ? ጭቃ ላይ ነው የቆሙት። ሽማግሌዎቹ በዝናብ እየተንቀጠቀጡ፣ አባቴ ሂዱና ተመለሱ ሲላቸው ይሄዱ ነበር፣ ይመለሱ ነበር። እኔ በግድግዳው ቀዳዳ እያየሁ እስቅ ነበር። ዛሬ ጎበዝ ሆኖ የሰው ልጅ ይዞ ወንድ ቤት ይሄዳል። ልዑሉ እግር የለውም ወይ?»

የጌጫዋ ሴት አፏን በእጇ ሸፈነች። «ውይ፣ ልጄን አዋረድኳት» አለች ቀስ ብላ።

«አያቴ፣ እስቲ ድገሚው» አለች የልጅ ልጄ። አሁን ሳቅ ፊቷ ላይ የለም።

«ምኑን?»

«የመጨረሻውን።»

«እግር የለውም ወይ ነው ያልኩት። ካለው ይምጣ። ምን ድገሚው ያሰኛል?»

ልጅቱ ወደ ጓዳ ገባች፤ መጋረጃው ተመለሰ። እኛ ቆምን። ተቀመጡ የሚለን የለም፣ ሂዱ የሚለን የለም። ባለቤቴ ጎደሬዋን መላጥ ቀጠለች። ጥቂት ቆይተን ወጣን። በሩ ጋ ባለሱቁ እጄን ያዘኝ።

«አሁን ምን ተባልን? እሺ ነው እምቢ?»

«እኔም አልገባኝም» አልኩት። እውነቴን ነው።

በማግሥቱ ሰማዩ የታጠበ ይመስል ነበር። የልጅ ልጄ አልጋው ጋ ደረሰችና ነጠላዋን አጣፋች፣ ስልኳን አወጣች። ማንም አልጠየቃትም፤ ሁሉም አውቋል። ባለሱቁ ሱቁን ቆልፎ መጣ። የማድረቂያው ባለቤትም ሞተሩን አጥፍቶ ከኋላዬ ቆመ። «ደመና የለም አይደል?» አለኝ። የለም አልኩት።

ጀመረች። የምርጫው ዕለት ጠዋት ነው። የቡና ለቃሚዋ ልጅ በመስኮት ስታይ የአገሯ ተራራ ታያት። ቡናው ቀልቷል፤ ካልተለቀመ ይረግፋል። የለበሰችውን የቤተ መንግሥት ልብስ አጥፋ አስቀመጠች፣ አሮጌ ቅርጫቷን አነሳች። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። በረንዳው ላይ የጦር አለቃው ልጅ አገኘቻትና «ወዴት ነው?» አለቻት።

«ቤቴ። ሥራ አለኝ።»

«ሊመርጥሽ ነው እኮ።»

«ቤቴን ያውቀዋል።»

የጦር አለቃው ልጅ ቆመች። የወረደችበትን ፈረስ አየች። «እኔስ ማንን ነው እዚህ የምጠብቀው?» አለችና ተፈናጠጠች። ዘበኛው በሩን አልከፍትም ቢላት በፈረሷ ደረት ገፍታ ከፈተችው፤ ለቃሚዋም በዚያው ወጣች።

«አላልኳችሁም? የኔይቱ ናት በሩን የከፈተችው» አለች የሸኮዋ። አልጋው ላይ ያለው ሁሉ ዝም አሰኛት።

ልዑሉ ወርቅ ለብሶ ወደ አዳራሹ ሲገባ ሰው የለም። ባዶ ወንበር ብቻ። ንጉሡ «ሌሎች እናስመጣ፤ አገሩ በልጃገረድ የተሞላ ነው» አለው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ልዑሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመለመን የተነሣው ያኔ ነው። ሽማግሌ ላከ። የለቃሚዋ አባት ደጅ ላይ አቁሞ ሰማቸውና «እንመክራለን፤ ተመለሱ» አለ። ተመለሱ። ዝናብ ነበር። «ልጅቱ ማሳ ናት፤ ተመለሱ» አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ከኋላቸው አንድ ወጣት ቆሟል፤ ካባ የለውም፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። አባት ወጣቱን አየው። ወደ ቡናው ዞሮ ልጅቱን ተጣራ።

«ትፈልጊዋለሽ?» አላት።

እዚህ ላይ የልጅ ልጄ ንባቧን አቆመችና ትንፋሽ ወሰደች። የጌጫዋ ሴት «አንቺ ልጅ፣ ትገድይኛለሽ» አለቻት።

ለቃሚዋ ቅርጫቷ እስኪሞላ ለቀመች። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፤ ልዑሉ ቆሟል፤ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ፤ አሁንም ቆመዋል። ቅርጫቱ ሲሞላ ወደ ደጅ መጣች። የልዑሉን እግር አየችው። ጫማው ከጭቃው ቀርቷል። ፈገግ አለችና ለአባቷ ራሷን ነቀነቀችለት።

«በሉ እንግዲህ፣ ተቀመጡ» አለ አባቷ።

መጨረሻው ይኸው ነው። ስልኩን ዝቅ አደረገች። የጌጫዋ ሴት በእልልታ አካባቢውን አቀለጠችው፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ ቆሞ አየን። የሸኮዋ ከማዶ ዞራ መጥታ አቀፈቻት። ባለሱቁ አንድ ባዶ ጆንያ አነጠፈና ተቀመጠበት። «እኛም ተቀመጡ ተባልን ማለት ነው» አለ።

ማድረቂያው ጋ ኔትወርክ አይይዝም። ሁሉም ተከትሏት ወደ ጉብታው ወጣ፤ ባለቤቱ እንኳን አልከለከለም። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ስልኩን ያዘችና ለአሳታሚው ላከችው። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እኔ ሳልሰማ ይደወልላታል ብዬ መንገድ ላይም ቤትም ከአጠገቧ አልለይም። ለቡናው ስዞር አንድ ጆሮዬ እሷ ጋ ነው። ኔትወርክ በሚይዝበት ቦታ አንድ ሰው እንዲቆም ሴቶቹ ተራ አወጡ፤ ስልኳን ይዘው ጉብታው ላይ ይቆማሉ፣ እየለቀሙ ሳይሆን እየጠበቁ።

የተደወለ ቀን ተረኛዋ የሸኮዋ ነበረች። ስልኩን ከፍ አድርጋ ይዛ ቁልቁል ስትሮጥ አየናት፤ መሃል ላይ ስትደርስ እንደሚቋረጥ ትዝ ብሏት መልሳ ሽቅብ ሮጠች። የልጅ ልጄ አልጋውን ለቃ ወጣች። እኛ ከታች ሆነን ከንፈሯን እናያለን። «እሺ» ትላለች። «እሺ ጋሼ» ትላለች። ደግሞ ታዳምጣለች። ደግሞ «አዎ፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት» አለች። ባለቤቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ነበርና አጠገቤ ቆማ ክንዴን በጥፍሯ ይዛዋለች።

ቀስ ብላ ወረደች። አትሮጥም።

«ምን አለሽ?» አለቻት የጌጫዋ።

«አሳትመዋለሁ አለኝ። አንድም ቃል ሳይነካ አሳትመዋለሁ አለኝ።»

ለአባቴ ልደውልለት አለች፤ መልሳ ደግሞ በኋላ ይሁን አለች። ቦታዋ ላይ ተመለሰችና እንደ ወትሮዋ ጎንበስ ብላ መልቀም ጀመረች። ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ፣ የጦር አለቃው ልጅ ከዚያ በር ወጥታ ወዴት ሄደች እያሉ ይከራከራሉ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ እጇን አየሁ። ደህናውን ቡና እያነሳች ትጥላለች፣ የሻገተውን ትታ ታልፋለች። «ለምን ጣልሽው?» አላልኳትም።